ውሻዬን ስጠራ የመለሰልኝ

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ነሐሴ ውስጥ፣ እኔ ያኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ስልሳ ስምንት ነው የሚሉኝም አሉ፣ የተወለድኩበትን ቀን የጻፈ ሰው የለም። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ጋኔን፣ ጥላ፣ የሙት ድምፅ ሲሉኝ ጆሮ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ጎረቤቶቼ ጋኔን ሦስቴ አይጠራም እያሉ ከመሸ ስማቸው ሲጠራ እስከ ሦስተኛው ድረስ አቤት አይሉም፣ እኔ ግን በመጀመሪያው ነው የምመልሰው፣ «ማን ነህ፣ ምን ትፈልጋለህ» ብዬ፣ አንድም ቀን የነካኝ ነገር የለም። ሲፈሩ ሳይ እስቅባቸው ነበር። አሁን አልስቅም።

ነገሩ የመጣው ከቀይ ቀበሮ ነው። ቤቴ ከእንጅባራ በእግር ሁለት ሰዓት ሽቅብ ነው፣ ከእኔ የገብስ ማሳ በላይ የቀርከሃ ጫካ አለ፣ ከቀርከሃው በላይ ደግሞ አስታ የሚሉት የደጋ ዛፍና ሣር ብቻ ነው፣ ብርዱ ሰው አያስቀምጥም። በአያቶቻችን ጊዜ እዚያ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበረ ይባላል፣ እኔ አልደረስኩበትም፣ አልቆ ነበር። መንግሥት ከሌላ ተራራ ጥቂት በመኪና ጭኖ አምጥቶ ለቀቀልን፣ አንገታቸው ላይ ማሰሪያ አለ፣ የት እንደዋሉ በማሽን ያይዋቸዋል አሉ። እሺ፣ በግ ሳይሆን አይጥ ነው የሚበላው ሲሉን እኔም ገብሴን ይጠብቅልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እመነኝ፣ በቀበሮው ላይ ቂም የለኝም። ከቀበሮው ጋር ግን መመሪያ መጣ።

መመሪያውን ቀበሌ ሰብስበው አነበቡልን። ከቀርከሃው በላይ ከብት አይሰማራም፣ መርዝ አይጣልም፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ሰው አይገባም፣ እያለ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ወደ ውሻ መጣ፣ ማንኛውም ውሻ ይመዘገባል፣ ይከተባል፣ ቀንም ሌሊትም ታስሮ ይጠበቃል፣ ከቀርከሃው በላይ ሳይታሰር የተገኘ ይወገዳል፣ አለ። እጄን አወጣሁ።

«ይወገዳል ማለት ወዴት ነው የምትወስዱት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያነበበልን ባለሙያ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልሳቀም። «አባባ፣ ይገደላል ማለት ነው።»

«ታዲያ ይገደላል ብለህ አትጽፍም?»

«የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።»

«ቀበሮ ተፈትቶ ውሻ የሚታሰርበት፣ ይኼ ምን ዓይነት ሕግ ነው?»

«የውሻ በሽታ ነው የሚጨርሳቸው፣ አባባ። አንድ ያበደ ውሻ ከነከሳቸው ሁሉም ያልቃሉ። ይኼ እንስሳ ከእኛ አገር ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም።»

«የእኔም ውሻ ከእኔ ቤት ሌላ የትም የለም» አልኩት።

ግን አስመዘገብኩ፣ አስከተብኩም፣ ሕግ የማላከብር ሰው አይደለሁም፣ ማሰሩን ነው የጠላሁት። ልጁ መዝገቡን ከፍቶ «የውሻው ስም?» አለኝ።

«የት ነበርክ» አልኩት።

«እኔ? ቢሮ ነበርኩ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ፣ ስሙን ነው የነገርኩህ!»

ስሙ ይኼ ነው፣ የት ነበርክ። እኛ አገር ውሻ ዝም ብሎ ስም አይወጣለትም፣ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለቂመኛ መናገር የፈለግኸውን በውሻው ትናገራለህ፣ አንተ ውሻህን ስትጠራ የሚገባው ይገባዋል። እኔ ያወጣሁት ለታናሽ ወንድሜ ለአድማሱ ነው። አድማሱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ብሎ ወጣ፣ አንድ ክረምት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ስልኩ አይሠራም፣ አየሁት የሚል ሰው የለም። እሱ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ ሞተች፣ ከቤተ ዘመድ ቀብሯ ላይ ያልቆመ እሱ ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን ይኼን ቡችላ ሰጡኝ፣ አድማሱ አንድ ቀን ሲመጣ ከደጄ መጀመሪያ የሚሰማው ይኼ ይሁን ብዬ የት ነበርክ አልኩት። እኔና እሱ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአገውኛ ነው፣ ስሙን በአማርኛ ያወጣሁት ከተማ የገባ ሰው አገውኛ ይረሳል ሲሉ ሰምቼ ነው።

እንግዲህ የነሐሴው ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ነው፣ ነገ ጠዋት መሣሪያ የያዙ የመንግሥት ሰዎች ወጥተው ከቀርከሃው በላይ ያገኙትን ውሻ ሁሉ እንደሚተኩሱ ተነግሯል። እኔ ከእርሻ ስገባ የቃጫው ገመድ ተበልቷል፣ ውሻው የለም። ሽቅብ እንደወጣ አወቅሁ፣ አይጥ ማሳደድ ይወድ ነበር። ክትባቱም ምዝገባውም እዚያ ላይ አያድነውም፣ ወይ ዛሬ አወርደዋለሁ ወይ ነገ ተኩሱን እሰማለሁ። ዱላዬን ይዤ ተነሣሁ።

የአድማሱ ሚስት ዋጋዬ ቤቷ መንገዴ ላይ ነው፣ ከደጇ ድንች ታጥባለች።

«አያ፣ በዚህ ጉም ወዴት ነው?» አለችኝ። አያ የምትለኝ ባሏ ስለሚለኝ ነው፣ ሌላው ሰው አባባ ነው የሚለኝ።

«ያ ውሻ ገመዱን በልቶ ወጣ፣ ነገ ሊገድሉት ነው።»

«ያን ስም ባያወጡለት ኖሮ ይመጣ ነበር። ተወቅሶ የሚመጣ ማን አለ?» ብላ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው አለቀ፣ እኔም መንገዴን ቀጠልኩ።

ቀርከሃው መግቢያ ላይ የቀበሮዎቹ ጥበቃ ቆሟል፣ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነው፣ አገውኛ አይሰማም፣ የዝናብ ልብሱን ተከናንቧል።

«አባባ፣ አሥር ሰዓት አልፏል፣ አይገባም።»

«ውሻዬ ሰዓት አያውቅም።»

ሳቀና ቀርከሃውን ከፍቶ አሳለፈኝ። «ቶሎ ይመለሱ፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የገባ ሰው የለም፣ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት፣ በኔ ላይ እንዳይመጣ።» ይኼን ቃሉን ያዝልኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ የገባ የለም ነው ያለኝ።

ቀርከሃው ውስጥ ቀርከሃ ሲፋተግ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል፣ እሱን ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ፣ አልፈራሁትም። ከቀርከሃው ስወጣ ግን ጉሙ ወረደ፣ የእጄን ዱላ ጫፍ አላይም፣ ንፋስ የለም፣ ወፍ የለም፣ የሚሰማኝ ከአስታው ላይ ጤዛ ሲንጠባጠብ ብቻ ነው። ቆምኩና በሙሉ ድምፄ ጠራሁ።

«የት ነበርክ!»

ጠብ ጠብ ይላል ጤዛው። ከዚያ በግራዬ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሩቅም አይደለም፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ «እዚሁ» አለ።

እመነኝ፣ የገደል ማሚቶ ነው እንዳትለኝ፣ እኔ የጠራሁት በአማርኛ ነው፣ የመለሰልኝ በአገውኛ ነው። የመጣልኝ ንዴት ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም፣ ከብት የደበቀ ሰው ይሆናል ብዬ፣ «ማነህ አንተ፣ ውጣ!» አልኩ። ምንም። «ጥበቃው እታች ነው፣ ልጥራልህ?» ምንም። ያ ድምፅ የሚመልሰው ለውሻው ስም ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ጥቂት ሄድኩ። ጉሙ ሳሳ ሲል ቀበሮውን አየሁት፣ መጀመሪያ ጊዜዬ ነው፣ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ ማሰሪያው አንገቱ ላይ አለ፣ ከእኔ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ለእኔ ደንታ የለውም። ጆሮውን አቁሞ ድምፁ ወደመጣበት ነው የሚያየው፣ ሰው ሲቀርብህ አንገትህን ቀስ እያደረግህ እንደምትከተለው፣ እንዲያ አንገቱን ያዞራል። እኔ የሚያየውን አላይም። ድጋሚ ጠራሁ፣ ድምፄ ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነልኝም።

«የት ነበርክ!»

«እዚሁ ነበርኩ፣ አያ።»

ቀርቧል። በዓለም ላይ አያ የሚሉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዷን ከደጇ ድንች ስታጥብ ትቻት መጥቻለሁ።

እግሬ ወደ ቁልቁል ዞረ፣ አልዋሽህም። ግን ውሻውስ? ዝም ብዬ ብወርድ ነገ ይገደላል፣ ብጠራ ደግሞ ያ ነገር ይመልስልኛል። ላፏጭ ብል አፌ ደርቋል። «ና! ና!» አልኩ፣ ያ ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከስሙ በቀር አይሰማም፣ የማንም ድምፅ አልመለሰም። ስሙን ነው መጥራት ያለብኝ። ስሙ ደግሞ ጥያቄ ነው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ሺህ ጊዜ ስጠራው ጥያቄ መሆኑን ረስቼው ነበር።

በሦስተኛው አልጮህኩም። ሰውን እንደሚጠይቁ፣ ቀስ ብዬ፣ «የት ነበርክ?» አልኩ።

መልስ አልመጣም። ብዙ ቆየሁ፣ ጤዛው እንኳ ያቆመ መሰለኝ። ቀበሮው ሣሩን ሳያንኮሻኩሽ ዞሮ ሄደ። ከዚያ፣ ድምፁ መጀመሪያ ከመጣበት ቦታ፣ ውሻዬ ሲያላዝን ሰማሁ።

ውሻው ታስሯል። ከአስታው ግንድ ጋር ታስሯል። የበላው የቃጫ ገመድ ከአንገቱ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ጫፉ ላይ ልጥ ተቀጥሎለታል፣ ልጡ አሁን እንደተላጠ እርጥብ ነው፣ ቋጠሮው ሁለቴ ተዙሮ በራሱ ውስጥ ያለፈ ነው። እኔም እንደዚያ ነው የምቋጥረው፣ እኔንና አድማሱን አባታችን ነው ያስተማረን። ግንዱ ሥር ሣሩ ሰው ሲቀመጥበት እንደዋለ ተኝቷል። ሣሩን በእጄ ልነካው ብዬ ተውኩት። ልጡን በኪሴ ቢላዋ ቆረጥኩት።

ጥበቃው ጋ ስደርስ ውሻውን አየና ደስ አለው። ከዚያ በጀርባዬ ወደ ቀርከሃው አሻግሮ ተመለከተ።

«አብሮዎት ያለው ሰውዬስ?»

«የምን ሰውዬ?»

«ሲነጋገሩ ሰማሁ እኮ፣ አባባ። እርስዎ በአማርኛ፣ እሱ በአገውኛ መሰለኝ፣ አልገባኝም። በየት ነው የገባው? ይንገሩት፣ ይውጣ፣ መመሪያ ነው።»

«ይወጣል» አልኩና ወረድኩ።

ያን ሌሊት ውሻው ከቤት ውስጥ ታስሮ አደረ፣ አልጮኸም፣ አልበላም፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተኛ። እኔም እንደሱ ነኝ። ሳስብ አደርኩ፣ ተመልሶ ከሆነስ፣ አፍሮ እዚያ ላይ የተደበቀ ከሆነ መጀመሪያ የሚሄደው ሚስቱ ጋ አይደለም ወይ? ትናንት ሳቋ ወዲያው ያለቀው አንድ ነገር ብትደብቅ ይሆናል አልኩ። ሞቶ ከሆነስ የሚለውን አላሰብኩም፣ አስቤዋለሁ፣ ግን አልጨረስኩትም።

ጎህ ሲቀድ ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁና የዋጋዬን በር መታሁ፣ አድማሱ መጥቶ እንደሆን ልጠይቃት ብቻ ነው። በስንት ሰዓት እንደምሄድ አላሰብኩበትም። በሩን ከፈተች፣ እኔን አየችኝ፣ ሰማዩን አየች፣ ገና አልነጋም። እኛ አገር በዚያ ሰዓት በር የሚመታ ሽማግሌ አንድ ነገር ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው፣ መርዶ።

«አያ» አለች። ሻሿን ከራሷ ላይ ቀስ ብላ ፈታች። «ይናገሩ።»

አልሞተም ልል አፌን ከፈትኩ፣ በምን አውቄ? ሞቷል ልል አልችልም። ትናንት አናገረኝ ብላት ደግሞ ምን ትላለች? ከደጇ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ እሷም መቀመጤን እንደ መልስ ወሰደችውና ጮኸች፣ እኔ አንድ ቃል ሳልናገር ጎረቤቱ ጋቢውን እየጎተተ ከየቤቱ ወጣ።