ኮርዱላን ማን ወሰዳት?

«ጉልበቴ ነው» አለ ላንደር፣ ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ። «ጠዋት ከብስክሌት ወደቅኩ። ቲቦ፣ እውነቴን ነው፣ መቆም እንኳ አቅቶኛል።»

ቲቦ ጎንበስ ብሎ አየው። ከነጩ ሱሪ በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። «ሱሪህን ሰብስብና አሳየኝ» ደግሞ ለጓደኛ አይባልም።

«በቃ ለአባትህ ንገረው።»

«አብደሃል? ለአባዬ? ከመጋቢት ጀምሮ ከዚህች ቀን ሌላ ወሬ የለውም! አንተ ግባላት። ማን ያውቃል? ልብሳችን አንድ፣ ጫማችን አንድ።»

ሁለቱ የሚንሾካሾኩት መጋዘኑ ውስጥ ከኮርዱላ ጀርባ ተደብቀው ነው። ኮርዱላ ከአኻያ ቀንበጥ የተሸመነች፣ ጉንጯ የቀላ፣ በጎኗ የዓሣ ቅርጫት ያቀፈች፣ ቁመቷ ሁለተኛ ፎቅ የሚደርስ ዓሣ ሻጭ ናት። በየዓመቱ በሰኔ፣ መሀል ከተማው በሙዚቃና በቲያትር በሚናወጥበት ቅዳሜ፣ አንድ ሰው ከቀሚሷ ስር ይገባና ቀንበሯን በትከሻው አንስቶ ያስጨፍራታል። ተመልካች የሚያየው ከቀሚሷ ጠርዝ በታች የሚራመዱትን ነጭ ጫማዎች ብቻ ነው። ሲገባም ሲወጣም ሁሉም ፊቱን ያዞራል። ማየት ነውር፣ መጠየቅ ነውር። «ኮርዱላ በራሷ እግር ነው የምትሄደው» ይባላል። ይህን የሚሉት ደግሞ ልጆች አይደሉም፣ ጢማቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው፤ ያውም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው!

ዘንድሮ የተሸካሚዎቹ ማኅበር ውስጥ አንድ ቦታ ተከፍቷል። የሚፈልጉት ሁለት ናቸው፣ ላንደርና ቲቦ። የዛሬው ጉዞ የተሰጠው ለላንደር ነው። የተሸካሚዎቹ አለቃ አባቱ ዲርክ ነው፤ «ልጄ ስለሆነ አይደለም» ብሎ ምሏል፤ ሰውም ሰምቶ ዝም ብሏል። ቲቦ ተጠባባቂ ነው፣ ያውም ሁለተኛ ዓመቱ። ተጠባባቂ ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይም። ዛሬ እራት ላይ ካልተመረጠ ልብሱን አጥቦ መልሶ ደህና ሁኑ ማለት ነው። ለዛሬ የተሰጠው ሥራ ጉዞው በሚያልቅበት በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ለተሸካሚው ውሃ ይዞ መጠበቅ ነበር።

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ቲቦ።

የቲቦ ዓይን እንዲህ ሲበራ ላንደር አይቶ አያውቅም። ማየቱን አልቻለም፣ ወደ ጫማው አቀረቀረ። «እርግጠኛ ነኝ። ቶሎ በል፣ በሩን ሊከፍቱት ነው።»

ቲቦ ቀሚሷን ገልጦ ገባ።

የላንደር ጉልበት ምንም አልሆነም ነበር። በዚያው ሰዓት ዓሣ ገበያ መድረክ ላይ የእነ ፌምከ ባንድ ይጫወታል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ፌምከ የክፍሉ ልጅ ናት፣ ድራም ትመታለች። ሐሙስ ዕለት «ትመጣለህ አይደል?» ስትለው «እንዴ! ልቀር ነው እንዴ?» አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደግሞ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ላንደር ኮርዱላን መሸከም አይወድም። በልምምድ እንዳየው ውስጧ ይሞቃል፣ ይጨልማል፣ ቀንበሩ አንገት ይልጣል። እሱ የሚወደው ተሸካሚ መባሉን ነው፤ የማኅበሩን ሰማያዊ የአንገት መሀረብ አስሮ በገበያው ማለፉን ነው።

የማኅበሩን ሸሚዝ አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ጠቀጠቀና በጓሮ በር ወጣ። እያነከሰ አልነበረም።

ዓሣ ገበያ ሰው በሰው ላይ ሆኗል። በአንድ ጥግ አሻንጉሊት የሚያጫውቱ፣ በሌላው ጥግ በረጅም የእንጨት እግር የሚሄዱ፣ መሀል ላይ የፌምከ ባንድ። ላንደር በዱቄት ስኳር የተነሰነሰ ቦምቦሊኖ ገዝቶ እየጎረሰ ወደ መድረኩ ተጠጋ። ፌምከ አየችውና የድራሟን ዱላ አወዛወዘችለት። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል! ከሰው ጋር ዘለለ፣ ጮኸ። ጉልበቱ እንደሆነ ለሠርግም ይበቃ ነበር።

ከድልድዩ ማዶ ከበሮ ሲሰማ ባንዱ ጨዋታውን አቆመ። ኮርዱላ ስትመጣ ማንም ከእሷ በላይ አይጮኽም። ላንደር በዚህ በኩል እንደምታልፍ ያውቅ ነበር፤ «ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ማን ያየኛል?» ብሎ ነው የቀረው።

መጀመሪያ አባቱ አለፈ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ፊት ለፊት ብቻ እያየ። ከኋላው ኮርዱላ።

ግን ይቺ የትኛዋ ኮርዱላ ናት? ላንደር ከልጅነቱ ጀምሮ ያያት ኮርዱላ የምትንገዳገድ፣ ዞር ስትል የምታስፈራ ነበረች። ይቺኛዋ ቀሚሷን በአየር ሞልታ ትሽከረከራለች። ዳሌዋን ወዲህ ስትል ቅርጫቷ ወዲያ ይሄዳል፤ ቆም ትልና «በዚህ ዋጋ? ወግድ!» እንደምትል ገበያተኛ ትከሻዋን ትነቀንቃለች። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አጠገቡ የቆሙ አንዲት አሮጊት «ዘንድሮ ምን ነክቷታል? አግብታ ነው እንዴ?» እያሉ እንባቸውን ጠረጉ።

ላንደርም ረሳው። ቲቦ ውስጧ መሆኑን፣ ራሱ መዋሸቱን፣ ሁሉንም ረስቶ ከበሮውን እየተከተለ ይዘል ጀመር።

ኮርዱላ ዞረችና ቆመች።

ሽርጧ ላይ እጅ የምታህል መስኮት አለች፣ በመረብ የተሸፈነች። ተሸካሚው መንገዱን የሚያየው በእሷ ነው። መስኮቷ ላንደር ፊት ለፊት ነበረች፣ እሱም ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ ነበር። ሲያርፍ በሁለቱም እግሩ ነው ያረፈው፣ ታመመ ባለውም ጭምር።

ከበሮው ይመታል፣ ኮርዱላ ግን አትነቃነቅም። «ደከማት መሰለኝ» አለ አንድ ሰው። ከመረቡ ጀርባ ምንም አይታይም፤ ላንደር ግን እዚያ ውስጥ ያለውን የቲቦን ፊት አብጠርጥሮ ያውቀዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አባቱ ከፊት ዘወር ብሎ ዘንጉን መሬት ላይ ሲመታ፣ ላንደር ከአንድ ወፍራም ሰው ጀርባ ተሸጎጠ። ቀና ሲል ኮርዱላ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ጭፈራዋ አሁን ከቅድሙም የበረታ ነበር፤ ግን ጨዋታ የሚመስል ነገር አልቀረበትም። ሰው አጨበጨበ። የላንደር እጅ አልታዘዝ አለው።

በጠባብ ጠባቡ መንገድ ሮጦ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ሲደርስ ተሸካሚዎቹ ኮርዱላን አስቀምጠው ወጥተዋል። ከመግባቱ በፊት ሸሚዙን ለበሰ፤ ምንጩ ጋ ቆሞ ፀጉሩን አረጠበ፣ አንገቱ ላይም ውሃ ረጨ። ላብ እንዲመስል ነው እንግዲህ። ምን ያድርግ፣ አንድ ውሸት ጠግቦ አያድርም፣ ሌላ ይፈልጋል።

ቲቦ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ለተሸካሚው ይዞ እንዲጠብቅ የተሰጠውን የባልዲ ውሃ እየጠጣ ነው። ፊቱ ፍም መስሏል፤ አንገቱን ቀንበሩ ልጦታል።

«ጉልበትህ ዳነ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ተሻለኝ።»

«እንኳን ተሻለህ።»

«ቲቦ፣ እኔ እኮ…»

«ስኳር» አለ ቲቦ፣ ጣቱን ወደ ከንፈሩ እያሳየው። «ጥረገው። አባትህ እየመጣ ነው።»

ላንደር አፉን በእጅጌው ሲጠርግ አባቱ ዘው ብሎ ገባ። ማንንም አልጠየቀም። ላንደርን እቅፍ አድርጎ ከመሬት አነሳው። ዲርክ የእንጨት ሠራተኛ ነው፤ በአባቱ ቀብር እንኳ አላለቀሰም ይባላል። አሁን ግን ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«ሃያ ዓመት ተሸከምኳት፣ የኔ ጎበዝ። ሃያ ዓመት! እንዲህ አልታዘዘችልኝም። ሰው ሁሉ ‹ለልጁ አዳላ› እያለ ሲያማኝ ዝም ብዬ ነበር። ዛሬ አፋቸውን ዘጋህልኝ።»

አሁን መናገር ነበረበት። ነገር ግን አባቱ እንዲህ አቅፎት አያውቅም፤ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አንድ ደቂቃ ልቆይ ብሎ ሳይናገር ቀረ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ። ለዚያች ደቂቃ ግን አድምቆት ነበር፣ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው።

«አንተስ ቲቦ፣ አየሃት?» አለ ዲርክ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«እኔ ካለሁበት አትታይም» አለ ቲቦ።

«አይ፣ አመለጠችህ! ዘላለም የሚቆጭህ ነገር ነው ያመለጠህ።» ዲርክ ትከሻውን መታ አደረገውና እየሳቀ ወጣ። የመታው ልክ የተላጠው ቦታ ላይ ነበር፤ ቲቦ ጥርሱን ነከሰ።

ብቻቸውን ሲቀሩ ላንደር «ለምን አልነገርከውም?» አለ። የሚገርመው፣ የተቆጣ የመሰለው እሱ ነበር።

«ከቀሚሷ ስር የወጣ ሰው ‹እኔ ነኝ› አይልም። ስሙን ሌላ ሰው ነው የሚጠራው። ሽማግሌው አጎት ጉስት አላስተማሩንም?» ቲቦ ባልዲውን አነሳ። «ጉልበቴን ባትለኝ ኖሮ እኮ… ‹ልዝናና ነው› ብትለኝም እገባልህ ነበር። ሞኝ ያደረግከኝ ነው የከፋኝ።»

ይህን ብሎ ሄደ። ላንደር ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አወጣው። ፌምከ ናት፣ «መጣህ! ስትዘል አየሁህ እኮ፣ አሪፍ ነበርክ» ትላለች። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀው መልእክት ነበር። አንብቦ መልሶ ከተተው።

እራቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በማኅበሩ አዳራሽ ተዘጋጀ፣ የበሬ ሥጋ ወጥ በድንች ጥብስ። ላንደር ሹካውን ይዞ ድንቹን ከወዲህ ወዲያ ያመላልሳል። እሱ ባለፈበት ሁሉ ሰው ጀርባውን ይመታዋል። «አንተ ቀጣፊ! ይህን ሁሉ ችሎታ የት ደብቀኸው ነው?» ይለዋል ከበሮ መቺው። ቀጣፊ! ሰውየው እኮ እያሞገሰው ነው። ቲቦ ከጠረጴዛው ዳር ተቀምጧል። ልብሱን አጥፎ በፌስታል ይዞ መጥቷል፣ ሊመልሰው።

ከእራት በኋላ የማኅበሩ ሽማግሌ አጎት ጉስት ይነሱና ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። በዚያን ጊዜ ነውርነቱ ይቀራል፣ ሁሉም የተሸካሚውን ስም ይጮኻል። ስሙ ሦስት ጊዜ የተጠራው ሰው ሰማያዊውን መሀረብ ያስራል፤ ከዚያ ወዲያ ቦታው የእሱ ነው። ስሙ የሚጠራው ሰው ብቻ ዝም ይላል።

ዝም ማለት። ከላንደር የሚፈለገው ይኸው ብቻ ነበር። መዋሸት እንኳ አይጠበቅበትም፤ ሌሎቹ ይዋሹለታል፣ ያውም ከልባቸው።

«ስምህ ሲጠራ ቶሎ ብድግ እንዳትል» አለው አባቱ በጆሮው። «ኩራት ይመስላል። ረጋ በል።»

አጎት ጉስት ተነሱ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ሲቆሙ ወንበሩን ደገፍ ማለት ይፈልጋሉ።

«ኮርዱላን ዛሬ ማን ወሰዳት?»

ሰው ትንፋሹን ሳበ፤ ሊጮኽ ነው። ላንደር ብድግ አለ።

«ገና ነው፣ ቁጭ በል!» አባቱ ሸሚዙን ጎተተው። ሰው ሳቀ።

«ቲቦ» አለ ላንደር።

ሳቁ ጨመረ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። አሁንም መሳቅ ይቻል ነበር፤ አብሯቸው ስቆ ቁጭ ማለት፣ ነገሩም ያበቃል።

«ቲቦ ነው የወሰዳት። ከመጋዘኑ እስከ ግቢው፣ ሙሉውን። እኔ ዓሣ ገበያ ሙዚቃ እሰማ ነበር።» ወደ ጠረጴዛው ዳር ዞረ። «ጉልበቴንም አላመመኝም። ዋሸሁህ።»

ሸሚዙን የያዘው እጅ ለቀቀው። አባቱን ማየት አልደፈረም። ቲቦ ሳህኑ ላይ አቀርቅሯል፤ ጆሮው ቀልቷል። ስሙ የተጠራ ሰው እንደሚያደርገው ዝም ብሏል።

አጎት ጉስት ላንደርን አልገሠጹም፣ አላመሰገኑትም። ቲቦን ጥቂት አዩት፣ የተላጠ አንገቱን አዩት። ከዚያ ማንም እንዳልመለሰላቸው ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደገና ጠየቁ።

«ኮርዱላን ዛሬ ማን ወሰዳት?»

«ቲቦ!» አለ ከበሮ መቺው፣ ግራ እንደገባው። ሁለት ሦስት ሰዎች ተከተሉት። ላንደርም ከእነሱ ጋር ጮኸ። አባቱ ግን አፉን አልከፈተም።

«ኮርዱላን ዛሬ ማን ወሰዳት?»

አሁን አዳራሹ በሙሉ ጮኸ፣ ብርጭቆዎቹ እስኪንቀጠቀጡ። ቲቦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ላንደር ቆሞ ሲጠብቅ ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደ። ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ከጎኑ አንድ ሻካራ ድምፅ ወጣ፣ ዘግይቶ፣ ብቻውን።

«ቲቦ» አለ አባቱ፣ ወደ ልጁ ሳያይ።

ላንደር ያን ጊዜ ቁጭ አለ።