በጀልባዋ መቃን ላይ የተቀባው ቅቤ

እኔ ኦድቫር በዕድሜዬ አሥራ ሰባት ሰው አጋብቻለሁ። ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነው አንዷ በመጨረሻዋ ሰዓት ሐሳቧን ስለቀየረች ነው። ከሁሉም ግን እንደ ሲሪና አስላክ ያለፋኝ የለም። ለእነሱ ስል ፀሐይን በገዛ እጄ ጎትቼ ከባሕር አውጥቻታለሁ ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ሲሪ የእህቴ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት «ቴርና» የምትባለውን የእንጨት ጀልባ ወረሰች፤ እኔም ከሞተሩ ጋር አብሬ ተወረስኩ። በዚያ ክረምት ዓሣ ማጥመዱን ትታ እንግዳ ልታሳፍርባት ወሰነች። እዚህ ሰሜን ጫፍ ከኅዳር ማለቂያ ጀምሮ ፀሐይ አትታይም፤ ጥር ላይ ነው የምትመለሰው። ሲሪ ያሰበችው በዚያች በመመለሻዋ ቀን እንግዶቹን ይዞ መውጣትና ፀሐይ በሁለቱ ተራሮች መካከል ብቅ ስትል ማሳየት ነው። ከዚያ ትኩስ የዓሣ ሾርባ፤ ከዚያ ቅቤና ስኳር የተቀባ ለስላሳ ቂጣችን።

መንገዱን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ስላስፈለጋት ከባሕሩ ማዶ አስላክን አስመጣች። አስላክ ሳሚ ነው፤ ወገኖቹ እኛ እዚህ ሳንደርስ ጀምሮ ከዚህ ባሕር ጋር የኖሩ ናቸው። በሳምንት የሚናገረውን እኔ በሁለት ማስነጠስ መካከል እጨርሰዋለሁ። ገና በመጀመሪያው ቀን ሲሪ ከጀልባዋ ላይ ገመድ ስትወረውርለት ፊቱን መታችው።

«ይቅርታ!» አለች ደንግጣ።

«አመሰግናለሁ» አለ እሱ።

እኔ ያኔውኑ አወቅሁ። ሴት በገመድ መትታው የሚያመሰግን ወንድ ጤነኛ አይደለም።

ብርዱ ያን ዓመት ለጉድ ነበር። ጢሜ ላይ የተጋገረውን በረዶ እየሰበርኩ መጠጤ ውስጥ እጨምረው ነበር። እነሱ ግን በየቀኑ ከሥራ በኋላ በጀልባዋ ትንሽ ማዕድ ቤት ካርታውን ይዘረጉና አራቱን ጠርዝ በአራት ኩባያ አስረግጠው መንገድ ያወጣሉ።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ብንቆምስ?» አለች ሲሪ።

«እዚያ ተራራው ይጋርዳታል። ከጥቁሩ ድንጋይ አልፈን እንቁም። ሞተሩንም እናጥፋው።»

«ለምን ይጠፋል? እንግዶቹ ይበርዳቸዋል እኮ።»

«የአጋዘን ቆዳ አመጣላቸዋለሁ። ጸጥ ሲል ታምራለች።»

ሲሪ ከካርታው ቀና አለች። «ማን?»

«ፀሐይ» አለ አስላክ። ጆሮው ቀላ። እርሳሱን ከእጇ ሲቀበል ግን ጣቶቹ የቸኮሉ አይመስሉም ነበር።

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «እኔ ደግሞ ስለ ባሕር ንስሩ አወራላቸዋለሁ። የቤተ ክርስቲያን በር ስለሚያህለው።»

«አጎቴ፣ አምና እኮ የመስኮት ያህል ነበር።»

«አድጓል።»

አስላክ ሳቀ። ሲሪ የእሱን ሳቅ አየች፤ ከዚያ ኩባያውን አነሳችና ባዶ መሆኑን እያወቀች ጠጣችበት።

አንድ ቀን እንዲሁ መንገዱን ሲያሰምሩ፣ አስላክ አንገቱን ሳያነሳ «ትልቁ መርከብ ሰው ይፈልጋል» አለ። «ወደ ግሪንላንድ የሚሄደው። የእኛ ጉዞ ካለቀ በማግስቱ ይነሳል።»

«ለስንት ጊዜ?»

«አንድ ዓመት። ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

«ትሄዳለህ?»

«አላወቅሁም። እንደ ነገሩ ነው።»

ነገሩ ምን እንደሆነ ሲሪ አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራትም። ሁለቱም ካርታውን አዩ። ያን ዓይነት ዝምታ ለእኔ ቁስል ነው። ሁለቱንም በአንገታቸው ይዤ ግንባር ለግንባር ላጋጫቸው ምንም አልቀረኝም።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ሲሪ ገና ሳይነጋ ተነስታ በሙቅ ውሃና በሳሙና ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተገቻት። የመሪው ክፍል በር ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አጎቴ! መቃኑ ላይ ቅባት ለቀለቅክ?»

«እኔ ከሞተሬ ጋር ነኝ» አልኩ ከታች።

«ታዲያ ከአንተ ሌላ ማን ቅባት ይዞ ይዞራል?» አለችና ጠረገችው።

ጥቂት ቆይቶ አስላክ የአጋዘን ቆዳውን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ መቃኑን አየ። ሲሪ «እንዴት አደርክ?» ብላ ፈገግ አለችለት። እሱ ቆዳውን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠና ወደ እኔ ወረደ።

«ነገ እሄዳለሁ» አለኝ።

«ምን ሆነህ?»

እየቆራረጠ ነገረኝ። በእነሱ ቤት ፀሐይ በምትመለስበት ጠዋት መቃን ላይ ቅቤ ይቀባል። ከረጅም መንገድ ደክማ ስለምትመጣ ቀምሳ እንድትበረታ ነው። ወንድ ልጅ ግን የሚቀባው ሊኖርበት በሚፈልገው ቤት በር ላይ ብቻ ነው። ሴቲቱ ቅቤውን ፀሐይ እስክትደርስ ከተወችው ተቀብላዋለች ማለት ነው። ከጠረገችው መንገዱን ይቀጥላል፤ ሁለተኛ አይጠይቅም። አያቱም አባቱም የተጋቡት እንዲህ ነው፤ እሱም ዛሬ ሲሪ ሳትነሳ መጥቶ ቀብቶ ነበር።

«ለሲሪ ነግረሃት ነበር?»

«ይሄ ይነገራል እንዴ? ማን የማያውቅ አለ?»

«በዚህ በኩል ያለ ሰው ማንም አያውቅም፣ አንተ የዋህ! የሞተር ቅባት መስሏት ነው።»

አስላክ በሐዘን አየኝ። «ኦድቫር፣ አንተ እኮ ንስር የቤተ ክርስቲያን በር ያህላል ያልክ ሰው ነህ።»

ወደ ላይ ሮጥኩ። «ሲሪ፣ ያ የጠረግሽው ቅቤ ነበር። ልጁ እንድታገቢው እየጠየቀሽ ነው።»

«አጎቴ፣ በናትህ ዛሬ ተወኝ። እንግዶቹ መጥተዋል።»

ይኸውላችሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳጋንን ሁሉም በደስታ ሰማኝ። አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚገዛኝ ጠፋ።

ተነሳን። እንግዶቹ ቆዳው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። አስላክ መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። ሲሪ ሁለት ጊዜ አነጋገረችው፤ ሁለት ጊዜ «እሺ» አላት። ከዚያ በኋላ ሾርባውን የምታማስልበት ማንኪያ ድምፅ ተለወጠ። ከጥቁሩ ድንጋይ ስናልፍ ሞተሩ ጠፋ። በተራሮቹ መካከል ሰማዩ እንደ ኮክ ሥጋ ቀልቷል።

የእኔ ተራ ነበር። የድምፅ ማጉያውን አነሳሁ። ከንስሩ ጀመርኩ፤ ሲሪ ከማዕድ ቤቱ በር ሆና ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ቅቤው ገባሁ። ፀሐይ ስትመለስ ከርሃቧ የተነሳ አንድ በርሜል ቅቤ በአንድ ጉርሻ እንደምትውጥ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የሲሪም ዓይን «ደግሞ ጀመረው» እያለ ነበር።

በርሜሉን ዋጥኩት።

«ትንሽ ቅቤ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ። «የአውራ ጣት ያህል። ከዚያ አይበልጥም። ወንዱ አብሯት ሊኖር በሚፈልጋት ሴት በር ላይ ይቀባዋል። ከተወችው ይቀራል። ከጠረገችው ይሄዳል። ሌላ የሚጨመር የለውም።»

እንግዶቹ የቀረውን ጠበቁ። የቀረ አልነበረም። ሲሪ ከእኔ አፍ አንድ ነገር አንሶ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ፈገግታዋ ጠፋ። የአስላክን ጀርባ አየች፤ ጆሮዎቹ ከሰማዩ ይልቅ ቀልተው ነበር።

ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ለቂጣው የተዘጋጀውን የቅቤ ሳህን ሙሉውን ይዛ ወጣች። ጓንቷን በጥርሷ አወለቀችና የመሪው ክፍል መቃን ላይ፣ ጠዋት በጠረገችበት ቦታ፣ በአውራ ጣቷ ቀባች።

«አስላክ» አለችው። «አላወቅሁም ነበር። የአጎቴ የሞተር ቅባት መስሎኝ ነው።»

«እሱም እንደዚያ ብሎኛል።»

«አላመንከውም?»

«አንቺስ አምነሽዋል?»

«እሱን ማን ያምነዋል?» አለች። ሳህኑን ዘረጋችለት። «በል፤ አንተም ቀባ። የእኔ ብቻውን አይበቃትም፤ ከሩቅ ነው የምትመጣው።»

«መርከቡ ነገ...»

«መርከቡ ሌላ ሰው ይፈልግ።»

አስላክ መሪውን ለቀቀ። አውራ ጣቱን ቅቤው ውስጥ ነክሮ ከእሷ ምልክት አጠገብ አሳረፈ። ጣቱን ሲያነሳ እጇ እጁ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ፀሐይ ወጣች። ቀጭን ነበረች፤ የጥፍር ጫፍ ያህል። መጀመሪያ ተራራውን ነካች፤ ከዚያ ውሃውን፤ ከዚያ መቃኑን። ስትሰወር እነሱ አላዩም። እኔም ስለ እነሱ ስል ዞር ብዬ ነበር፤ ብርዱ ዓይኔን አስለቅሶኝ።

እንግዶቹ በዚያ ቀን ቂጣቸውን ያለ ቅቤ በሉ። አንዲት አሮጊት ብቻ «ቅቤው የታለ?» ብላ ጠየቀች። ጎረቤቷ ወደ መቃኑ አሳየቻት፤ አሮጊቷም ባዶውን ቂጣዋን በደስታ ገመጠች።

ቴርና ዛሬም ጥር ሲመጣ ትወጣለች። መቃኑ ላይ እንጨቱ ቅቤውን የጠጣበት ምልክት አለ። ንስሩ አሁን የአውሮፕላን ያህል ሆኗል፤ ያን ቀን ብርዱ ማዕበሉን በአየር ላይ አድርቆ አቁሞት እንደነበር ለሁሉም እናገራለሁ። ወደ መቃኑ ስደርስ ግን ማጉያውን አስቀምጣለሁ። ሁለት አውራ ጣት ነው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ምንም አልጨምርበትም።