ደሙ የት አደረ?

እናትየዋ የሞቱት በጠራራ ፀሐይ ነው። ብዙ ሰው በተኛበት የሆስፒታል ክፍል፣ ክንዳቸው ላይ ደም እንደተሰካላቸው።

የተሰበረው ዳሌያቸው በደንብ ተጠግኖ ነበር። ቀዶ ሐኪሙም «በቅርቡ በምርኩዝ ይሄዳሉ» ብሏቸዋል። በማግስቱ ግን ትንሽ ደም አነሳቸውና አንድ ከረጢት ይጨመርላቸው ተባለ። ደሙ መግባት ሲጀምር ብርድ ብርድ አላቸው። ቀጥሎ ወገባቸውን ቆረጣቸው። ከዚያ የደም ግፊታቸው ቁልቁል ወረደ፤ ዓይናቸው ተከደነ። አልተመለሱም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሙን የሰካችላቸው ነርስ ካቴና ገባላት።

ምክንያቱ አንድ ፈጣን ምርመራ ነው። ከሟቿ በተቀዳው ደም ውስጥ ሞርፊን መሰል ነገር ተገኘ ተባለ። የማስታገሻው ሣጥን ቁልፍ ደግሞ ነርሷ ኪስ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የሆስፒታሉ ደም ባንክ ኃላፊ «መርፌ ስትወጋቸው በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ መሰከረ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ማን ይጠረጥራል? የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው የሟች ልጅ በታካሚው ሁሉ ፊት «ነፍሰ ገዳይ!» ብሎ ጮኸባት። ሰውም ሳያኝክ ዋጠው።

ጉዳዩ የተሰጣት መርማሪ በመሥሪያ ቤቷ «ዋግምት» ነው የምትባለው። አንዴ ከተለጠፈች መጥፎውን ደም ሳትመጥ አትነሳም ለማለት ነው። እሷም ስሙን አልጠላችውም።

ነርሷ የምርመራ ክፍሉ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ወጋሻቸው?»

«አዎ፣ ወግቻቸዋለሁ።»

ዋግምት ቀና አለች። «ምን?»

«የአለርጂ መርፌ። ብርድ ብርድ ሲላቸው ደሙን ዘጋሁ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ሰጠሁ። ሞርፊን አልነካሁም። ደግሞስ ለምን እገድላቸዋለሁ? ‘ልጄ’ ነበር የሚሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከሳቸው ደም ቀድቼ ለምርመራ ላክሁ። ያው እሱ መክሰሻዬ ሆነ። ለደም ባንኩም ደወልኩ። ኃላፊው ራሱ እየሮጠ መጣና ከረጢቱን ነቅሎ ወሰደ።»

«ኃላፊው? ከረጢት ለመውሰድ?»

«እኔም ገርሞኛል። ደሙ የሚወርድበትን ቱቦ ግን ለይቼ፣ ሁለቱን ጫፍ አስሬ፣ የክፍሉ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ውስጡ ደም አለ። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«ይህን እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ነርሷ። እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው። «ያሰረኝ ሁሉ ‘እመኚ’ ነው የሚለኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሰፈር ውስጥ ‘የገዳይ ልጆች’ እየተባሉ ነው። እኔ እዚህ ልበስብስ፤ እነሱ ምን አደረጉ?»

ዋግምት በገዛ መሥሪያ ቤቷ አፈረች።

የማስታገሻው ሣጥን ተከፈተ። አንድም ብልቃጥ አልጎደለም። አንዳንዱ ደግሞ «ልጁ የእናቱን ቤት ፈልጎ ነው» ብሎ አወራ። ሲጣራ ቤቱ ድሮም በልጁ ስም ነው። ወሬው በሬ ወለደ ሆነ። ልጁ ለእናቱ ሲል ሥራውን ትቶ አልጋቸው ሥር የሚያድር ሰው ነበር።

ዋግምት ቀጥላ የደም ባንኩ ኃላፊ ዘንድ ሄደች።

«ከረጢቱ የት አለ?»

«ተቃጥሏል። የተነካካ ነገር ይቃጠላል።»

«ሰው የሞተበት ደም ሳይመረመር?»

«የእኔ እህት፣ የሕክምና ነገር ላንቺ ይከብድሻል። ፍሪጄ ጠፍቶ አያውቅም፤ ቴርሞሜትሩ ይኸው። ሌሎቹንም ከረጢቶች እዪአቸው፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ደሙ ምንም አላደረገም። ነርሷን ያዢ።»

ዋግምት ጥርሷን ነከሰች። ስትወጣ ግን የደም ባንኩን ሠራተኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ለካ ደም ለአንድ ታካሚ ሲያዝ፣ እንደሚስማማ ለማየት ከከረጢቱ ላይ ካለችው ቀጭን ቱቦ ቁራጭ ትቆረጣለች፤ ቁራጯም ለብቻዋ በፍሪጅ ትቀመጣለች። የእናትየዋ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተቆርጣ እስካሁን አለች። ዋግምት ያችን ቁራጭ፣ ነርሷ ያሰረችውን ቱቦና ከሟቿ የተቀዳውን ደም ይዛ ወደ ፖሊስ ላቦራቶሪ ገሰገሰች።

ኬሚስቱ ማስረዳት የሚወድ፣ ሲያስረዳ እጁ የማያርፍ ሰው ነው።

«የሟቿ ደም ውስጥ ሞርፊን የለም» አለ። «ያ ፈጣን ምርመራ ስም አይጠይቅም። የሞርፊንን ሥራ የሚሠራ ነገር ካገኘ ‘አለ’ ይላል።»

«ታዲያ ምን አግኝቶ ነው?»

«የደም ቁርጥራጭ።»

«አትቀልድብኝ።»

«ስሚኝማ። ቀይ የደም ሴል ውስጡ ሄሞግሎቢን ነው፤ ትልቅ ፕሮቲን። ሴሉ ሲፈነዳ ፕሮቲኑ ይፈሳል፤ እዚያው ያሉት ኢንዛይሞች እንደ ሽንኩርት ይከትፉታል። ቁራጮቹን ፔፕታይድ እንላቸዋለን። ትልቁ ፕሮቲን ኦክስጅን ተሸካሚ ነው፤ ቁራጮቹ ግን የየራሳቸውን ሥራ ያወጣሉ። አንዳንዱ እንደ ሞርፊን ሕመም ያደነዝዛል፤ አንዳንዱ የደም ግፊት ያወርዳል።»

«መርዝ ናቸው ማለት ነው?»

«ኧረ! በትንሽ በትንሹ እኔም አንቺም ደም ውስጥ አሉ፤ ይጠቅሙናል። ይሄ ግን ሌላ ነው።» ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት መስመሮች አሳያት። «ይቺኛዋ ከፍሪጅ የመጣችው ቁራጭ ናት፤ ደሟ ደህና ነው። ይሄ ነርሷ ያሰረችው ቱቦ ነው። የአንድ ሰው ደም፣ የአንድ ከረጢት ደም። ግን ሴሎቹ ፈንድተዋል፣ ፕሮቲኑ ተከታትፏል። ሴትየዋን የገደላቸው ፔፕታይዱ ብቻ አይደለም፤ የተበላሸው ደም እንዳለ ነው። ፔፕታይዶቹ ግን ይመሰክራሉ። እንዲህ ለመከተፍ ደሙ ለረጅም ሰዓት ሙቀት ውስጥ መቆየት አለበት። ማደር አለበት።»

ዋግምት ተነሳች። ፍሪጁ አልጠፋም። ሌላው ደም ሁሉ ደህና ነው። ታዲያ ይሄ ከረጢት ለብቻው የት አደረ?

የፍሪጁ ቁልፍ ከሥራ ሰዓት ውጪ ኃላፊው ጋ ብቻ ነው። የኃላፊው ሚስት ደግሞ የማዋለጃ ክሊኒክ አላት። የክሊኒኩ አዋላጅ ስትጠየቅ አላንገራገረችም።

«አዎ፣ ሴትየዋ በሞቱበት ዋዜማ ማታ ደም ይዞልን መጥቶ ነበር። ወላዷ ግን ሳያስፈልጋት በሰላም ተገላገለች። ከረጢቱን በፌስታል ይዞ ወጣ።»

ዋግምት የኃላፊውን ቢሮ ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ደሙን ያን ማታ የት ነበር የወሰዱት?»

«የምን ደም?»

«አዋላጇ ነግራኛለች።»

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አላደረገውም።

«ለበጎ ነው። ወላዷ ብትደማስ? ነፍስ ላድን ብዬ ነው።»

«ለእናትየዋ የተያዘ ደም ነበር።»

«ቀዶ ሕክምናቸው አልቆ ነበር! ዝም ብሎ ከሚቀመጥ፣ ለሚከፍል ሰው…» አፉን ያዘ።

«ጨርሰው እንጂ» አለች ዋግምት። ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ቀረ።

«መኪናዬ ውስጥ ረሳሁት። ረፋዱ ላይ ሐኪሙ ደሙን ሲያዝ ነው ትዝ ያለኝ። ፀሐይ አግኝቶት ነበር። ግን ሳየው ያው ቀይ ነው። ምንም አይሆንም ብዬ…»

«አንተ? ዕድሜህን ሙሉ ደም ስትጠብቅ የኖርከው?»

«የለም ብል የት ሄደ ይሉኛል። ስለዚህ መለስኩት። እኔ አልሰረቅኩም! መለስኩት እኮ!»

ዋግምት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«ምነው በሰረቅከው! ምነው ባስቀረኸው! ሙሉ ሌባ ብትሆን ኖሮ ሌላ ከረጢት ይፈለግላቸው ነበር፤ ሴትየዋም ዛሬ በሕይወት ነበሩ። አንተ ሌብነቱንም በወጉ አልቻልክበትም። ገደልክ፤ ከዚያ ገዳዩን ደግሞ ከነርሶች መሃል መረጥክ!»

«እሷ… ማስረጃ ሲጠፋ ትለቀቃለች ብዬ ነበር።»

«ልጆቿስ?»

ካቴናው ሲገባለት ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሠራተኞች ዞር ብለው አዩት።

ነርሷ ከጣቢያው ስትወጣ ሹፌሩን በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«እህቴ» አለ። «ምን ልበልሽ?»

ብትጮህበት ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ወደሱ ቀረበች።

«ለእኔ ምንም አትበል። መጀመሪያ ቤቴ ውሰደኝ። ልጆቼን ‘እናታችሁ አልገደለችም’ በላቸው፤ ካንተ አፍ ይስሙት። ከዚያ የእናትህን ለቅሶ አልደረስኩምና አብረን እንሄዳለን።»

ሹፌሩ የመኪናውን በር ከፈተላት።