ለሁለት ልጆች ሦስት ቀሚስ

ልጅ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። የማን ልጅ እንደሆነች ሳላውቅ።

ይሄ ከሰው የሰማሁት አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አፌ የሆነ ነው። የማያምን አይመን... ለማሳመን ጊዜ የለኝም። ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ቦታው ከሚሴ ነው። ጊዜው ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምህረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ሰዓቱ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሰባት ሰዓት።

ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር።

ባሌ ሙህዲን የየመን ሰው ነው፣ የሁዴይዳ። በወጣትነቱ በአሰብ በኩል ገባ፣ ከሚሴ መንገድ ዳር ሱቅ ከፈተ፣ እኔን አገባ። ስኳር፣ ላምባ፣ አቡጀዲ እንሸጣለን። ሰው "ዓረቡ ቤት" ይለናል።

አማርኛው ጥሩ ነው። ሲደነግጥ ብቻ ሴቱን ወንድ ያደርገዋል። ልጆቹ ያኔ በሳቅ ይሞታሉ።

ልጆቻችን ሁለት ናቸው። ረቢአና ሶፍያ። ረቢአ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ሶፍያ ገና ትኮላተፋለች።

ሙህዲን አንድ የሳጥን ካሜራ አለው። እናቱ ያሉት እዛው ሁዴይዳ ነው፣ የልጆቹን ፊት አይተው አያውቁም። ስለዚህ ፎቶ ያነሳላቸዋል። ልጆቹ እሸት በቆሎ ሲግጡ። ፊታቸውን ሲታጠቡ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲጣሉ።

"የዒድ ልብስ አልብሰህ አንሳቸው እንጂ! ሰው ምን ይላል?" እለዋለሁ።

"እናቴ ዒድ አይደለም የናፈቃት። የሰርክ ኑሯቸውን ማየት ነው የምትፈልገው" ይለኛል።

ፊልሙን የጭነት መኪና ሹፌሩ እንድሪስ ደሴ ፎቶ ቤት ያደርስለታል። ሲታጠብ ያመጣለታል። ሙህዲን ጠቅልሎ በአሰብ በኩል ይልካል። እኔ ሥራ ስለሚበዛብኝ አንዱንም አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን እንድሪስ ጥቅል ይዞ መጣ።

"ከሁዴይዳ ነው። አማትሽ ለልጆቹ ቀሚስ ልከዋል።"

ፈታሁት።

ሦስት ቀሚስ።

አንዱ ለሶፍያ ልኳ ነው። አንዱ ለረቢአ ልኳ ነው። ሦስተኛው... ረጅም ነው። ደረቱ ሰፋ ተደርጎ ተሰፍቷል። ለአሥራ ሁለት፣ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ።

"ይሄ የማነው?"

"የትልቋ ነዋ!" እንድሪስ ሳቀ። "ልጆችሽንም ረሳሽ? ይሄ ሱቅ አዙሮሻል።"

እኔ አልሳቅኩም።

ይሄ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ አልኩ በሆዴ። ሹፌር ነው። ባሌ የት እንደሚገባ፣ ከየት እንደሚወጣ ያያል።

ሙህዲን ደግሞ በየሳምንቱ ሰንበቴ ገበያ ይሄዳል። ከቆላ ከሚወጡት አፋሮች ፍየልና ቆዳ እገዛለሁ ይላል።

ገባኝ። ጣውንት አለችኝ። ሰንበቴ። ከኔ በፊት ወልዳለታለች። የሷን ልጅ ፎቶ ከኔ ልጆች ፎቶ ጋር ጠቅልሎ ለእናቱ ይልካል።

ደንበኛ መጣ... ቆዩ።

እሺ።

ምሳ ሊበላ ሲገባ "ያለህን ፎቶ ሁሉ አውጣ" አልኩት። ገና ያልላካቸውን አመጣ። አንድ በአንድ አየሁ። የማላውቃት ልጅ ፊት ነው የምፈልገው።

የለችም። ረቢአና ሶፍያ ብቻ።

ልቤ ሊያርፍ ነበር። ግን ደግሜ አየሁ።

በቆሎ ሲግጡ... መሀላቸው ክፍት ነው። ሲታጠቡ... መሀላቸው ክፍት ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ጠባቡ መቀመጫ ላይ... አንዷ እዚህ ጥግ፣ አንዷ እዚያ ጥግ። መሀላቸው ሰው ያስቀምጣል።

አይናቸውም ካሜራው ላይ አይደለም። እርስ በርስም አይተያዩም። ሁለቱም ወደ ክፍቱ ቦታ ዞረው ቀና ብለዋል። ረዘም ያለ ሰው ፊት እንደሚያዩ።

"ለምንድነው ተራርቀው የሚቆሙት?"

"የታለ የተራራቁት?" አለ ሙህዲን።

"ይሄ መሀል ላይ ያለው ምንድነው?"

ፎቶውን አየ። እኔን አየ።

"ዓዲላ... አንተ ታመመ?"

ደንግጧል። ልጆቹ ግን የዚያን ቀን አልሳቁም።

"አልታመምኩም። ሰንበቴ ማን አለችህ?"

"ወላሂ ማንም የለኝም።"

"አትማልብኝ!"

ከዚያ በኋላ ፎቶ ሲያነሳ እኔም አጠገቡ መቆም ጀመርኩ። ልጆቹን በሩ ላይ አቆማቸው። ያው ነው። አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ።

"ተጠጉ!" አልኩ።

ሶፍያ አየችኝ። "ቦታ የለም እኮ እማ።"

ረቢአ ቆነጠጠቻት። "ዝም በይ!"

"ማን አለ መሀላችሁ?"

ረቢአ አንገቷን ደፋች። ሹክ አለችኝ።

"እንደዚህ ስትይ ታለቅሳለች።"

"ማን ናት የምታለቅሰው?"

ሙህዲን ካሜራውን ዘግቶ ገባ።

አባታቸው ነው ያስተማራቸው አልኩ። እኔ እህል ሳስፈጭ እየጠበቀ ሰንበቴ ወስዶ አስተዋውቋቸዋል። ሌላ ምን ልበል?

ሦስተኛውን ቀሚስ ሳንዱቁ ውስጥ ከሥር ከተትኩት። ቆለፍኩ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ከቀናት በኋላ ጓሮ ስወጣ ቀሚሱ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ሲመጣ ጫፉ ላይ ተቀዶ ነበር... አሁን ተሰፍቷል።

"ማን ነው ያጠበው?"

"አንቺ ነሻ እማ" አለች ረቢአ። "ጠዋት።"

አንገቴን ዳሰስኩ። ቁልፉ አለ።

ሙህዲን ነው ብዬ ተውኩት። ሌላ ቁልፍ አሠርቷል ብዬ። ያን ሰሞን የማልጠረጥረው ነገር አልነበረም። ጎረቤታችን እማማ አሻ እንኳ በኦሮምኛቸው ሲመርቁን "ሦስቱንም ያሳድግልሽ" የሚሉ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱን ልጆቼን ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ሰንበቴዋን አይተዋታል ማለት ነው አልኩ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቅ።

ከዚያ ሸምሱ መጣ።

ሸምሱ የሙህዲን ወንድም ነው፣ አሰብ ነው የሚኖረው። በላ፣ ጠጣ፣ ልጆቹን አጫወተ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ጉዳዩን አወጣ።

"እናታችን ደክማለች። ትልቋን ልጅ ስጡኝ። አያቷን ትጦራለች፣ እዛው ታድጋለች፣ እዛው ትዳራለች።"

እንደዚህ እየተባለ የሄዱ የዓረብ ልጆች አውቃለሁ። ከኮምቦልቻም፣ ከደሴም። አንዷም አልተመለሰችም። እናቶቻቸው ዛሬም ከባሕር የመጣ ሰው ባዩ ቁጥር ይጠይቃሉ።

ረቢአን ጎትቼ ጉያዬ ውስጥ አስገባኋት።

"የትኛዋን?"

"ትልቋን። ረጅሟን።"

"ረቢአን አይደለም?"

ሸምሱ ሳቀ። "ረቢአማ ጥርሷን ታብቅል መጀመሪያ!"

እፎይ አልኩ። የጣውንቴን ልጅ ነው የሚለው። ሸምሱም ያውቃታል። ይኸው፣ ፊት ለፊቴ ተናገረው።

ሙህዲን ግን እንባው መጣ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"እምቢ በል ዓዲላ... አደራ... እምቢ በል።"

አየሁት። ለኔ ልጆች እንደዚህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ለሷ ሲሆን አለቀሰ።

ተቃጠልኩ።

"ውሰዳት" አልኩ ጮክ ብዬ። "እኔ ፈቅጃለሁ። ዛሬውኑ ውሰዳት።"

በኛ አገር ልጅ በቃል ብቻ አይሰጥም። ፋቲሃ፣ የቁርዓኑ መክፈቻ፣ ይቀራበታል። አሚን ከተባለ በኋላ መመለስ የለም። ቃሉን ያፈረሰ ሰው አይድንም ይባላል። እኔም የፈለግኩት እሱን ነው። እንዳይመለስ። ሰንበቴዋም ነገ መጥታ በሬ ላይ እንዳታለቅስ።

ሼህ ሲራጅ ከመስጊድ ተጠሩ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

"እናት አንቺ ነሽ። ከልብሽ ነው?"

"ከልቤ ነው" አልኩ። የእንጀራ እናትም እናት ናት ብዬ።

"እስቲ ስሟን ጥሪልኝ።"

...

ስሟን ከየት አውቄ?

"ትልቋ" አልኩ።

ሼሁ አይናቸውን አነሱ። አዩኝ።

እጃቸውን ዘረጉ። ፋቲሃውን ቀሩ። ሸምሱ አሚን አለ። እኔ አሚን አልኩ። ሙህዲን አላለም።

ከጓዳ አንድ ሰው አሚን አለ። ቀስ ብሎ። ቀጭን ድምፅ ነው።

ልጆቼ ግራና ቀኝ ይዘውኛል። እማማ አሻ ናቸው ብዬ ዞርኩ። መጋረጃው ይወዛወዛል። ሰው አልወጣም።

ደግሞ ደንበኛ... ይሄ ሰው አንድ ሳሙና ለመግዛት ስንቴ ያገላብጣል!

እሺ። በማግስቱ። ሰባት ሰዓት።

የእንድሪስ መኪና ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሸምሱ የጋቢናውን በር ከፈተ። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ መቀመጫው ላይ አነጠፈ። ከዚያ ወደ ጎን ብሎ ቆመ።

ቆመ... ቆመ... አንድ ሰው እስኪወጣ እንደሚጠብቅ።

"ቢስሚላህ በይ" አለ።

ለማን?

በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ጣት እንዳይቆርጥ ተጠንቅቆ። ራሱ ከላይ ጭነቱ ላይ ወጣ። ጋቢናው ውስጥ ቦታ እያለ።

መኪናው ተነሳ። ወደ ኮምቦልቻ ዞረ።

ሰንበቴ በዚያ በኩል አይደለም። ሰንበቴ በታች ነው፣ በአዲስ አበባ መንገድ።

"እንድሪስ!" ብዬ ጮህኩ። "ልጅቷንስ? ሳትይዟት?"

እንድሪስ በመስኮቱ አየኝ። ፊቱን አዞረ። ነዳ።

ረቢአና ሶፍያ አቧራው ውስጥ ሮጡ። "እትዬ! እትዬ!" እያሉ። እያለቀሱ። ሶፍያ ወደቀች።

ሙህዲን ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጧል። ፊቱን በሽርጡ ሸፍኗል።

እማማ አሻ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ተቆጥተዋል።

"ሰው እንደዚህ ይሸኛል? ምነው ዓዲላ! ሳትስሚያት?"

"ማንን?"

"ኢንታለ ኬ! ልጅሽን ነዋ!"

"የኔ አይደለችም እማማ። የሰንበቴዋ ናት።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"አስተግፊሩላህ..."

"ምን አሉ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እብድ እንደሚያባብል ሰው።

"የምን ሰንበቴ ነው? የመጀመሪያሽ ናት። በነዚህ እጆቼ ነው የተቀበልኳት። ምጡ ጠንቶብሽ ሞተሻል ብለን ነበር..."

"እኔ የወለድኩት ሁለት ነው።"

"ዛሬ ጠዋት እኮ ደጅ ቁጭ አድርገሻት ፀጉሯን ስትሠሪላት ነበር። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ብዬሽ አልፌያለሁ። መልሰሽልኛል።"

ጠዋት ምን እንደሠራሁ ለማስታወስ ሞከርኩ።

ሱቅ ከፈትኩ... ከዚያ በፊት... ከዚያ በፊት...

አልመጣልኝም።

ረቢአ ሶፍያን አቅፋ ተመለሰች። አናታቸውን ዳሰስኩ። የሁለቱም ፀጉር ደረቅ ነው። ከተሠራ ሳምንት አልፎታል።

እጄን አየሁ።

ጣቶቼ ቅቤ ናቸው። ጥፍሬ ስር ሁሉ ገብቷል። ሌባ ጣቴ ላይ አንድ ፀጉር ተጠምጥሟል። ጥቁር... ስፈታው ክርኔ ድረስ ወረደ።

ከመንገዱ ጫፍ አቧራው ገና አልበረደም።

ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ።