ሰነፏ ሴል

ባትሪው ጠረጴዛው ላይ አልቀመጥ አለ።

ሚዛን የሚሏት ልጅ አንስታ እንደገና አስቀመጠችው። ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት ሆዱ ተነፍቷል። ጫፉን በጣቷ ነካ ስታደርገው እንደ እሽክርክሪት ዞረ። ለሌላ ሰው ያስቅ ይሆናል፤ ሚዛንን አላሳቃትም። በረራውን ለማየት የተጋበዙት እንግዶች ሊመጡ የቀረው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በሪሞት የሚመራው ትንሽ አውሮፕላን ክንፉን ዘርግቶ አጠገቧ ተኝቷል፤ የሚያበረው ደግሞ ይኸው ባትሪ ነበር።

«ሚዛን» ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። የትምህርት ቤቱ የአውሮፕላን ክበብ ልጆች ናቸው የለጠፉባት። ከቤቷ የወጥ ቤት ሚዛን ይዛ መጥታ ብሎኑን፣ ሙጫውን፣ ሽቦውን፣ አንድ ቀን ደግሞ የጄቱን ምሳ ሳይቀር መዝናለች። በክበቡ ውስጥ ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩና ባትሪው በእሷ እጅ ናቸው። አብራሪው ጄቱ ነው። ጄቱ የተባለው ሲያበር ስለሚፈጥን ሳይሆን ሲያወራ ስለሚፈጥን ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሁለቱ ከአንድ ዴስክ ተለያይተው አያውቁም።

ባትሪው ጎን ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ይህ የሚዛን ሕግ ነው። ባትሪ ከክፍሉ ሲወጣ አንድ መስመር፣ ሲመለስ ሌላ መስመር ትጽፍበታለች፤ በውስጡ ያሉት ሦስት ሴሎች እያንዳንዳቸው ስንት ቮልት እንደያዙ። ከእሷ በቀር ማንም አይጽፍም። ጄቱ ለሁለት ሳምንቱ ዕረፍት ሊለማመድበት ሲወስደው የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ወጣ። 3.84፣ 3.84፣ 3.81። የሚሞላው በሚበርበት ቀን ብቻ።»

ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፦ «ተመለሰ። 3.80፣ 3.80፣ 3.80። ደህና።»

ጽሑፉ ቁርጥ የእሷን ይመስላል። ግን እሷ አልጻፈችውም። ባትሪው የተመለሰው ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ዓርብ ከሰዓት እሷ ጥርስ ሐኪም ቤት አፏን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ያንን እንኳ ብትረሳው ቁጥሮቹ ራሳቸው ያሳብቃሉ። የዚህ ባትሪ ሴሎች እኩል ሆነው አያውቁም። ሦስተኛዋ ሲሞላም ሲጎድልም ከእህቶቿ ወደኋላ ትቀራለች፤ ሚዛን «ሰነፏ» ብላ ስም አውጥታላታለች። ታዲያ ሰነፏ በሁለት ሳምንት ዕረፍት ታታሪ ሆና ተመለሰች?

የቮልት መለኪያውን አወጣች። 4.17። 4.17። 4.05።

«ጄቱ።»

ጄቱ ሪሞቱን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ነበር። «እ?»

«ይህን መስመር ማን ጻፈው?»

መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። «አንቺ ነሻ። የገዛ ጽሑፍሽ ጠፋሽ እንዴ?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ያላት።

«ዓርብ ከሰዓት የት ነበርኩ?»

ጄቱ ሪሞቱን እንደገና መወልወል ጀመረ። ሚዛን መለኪያውን ወደ እሱ አዞረችው።

«ግማሽ ነው ብለህ ጽፈሃል፤ ይኸው ሙሉ ነው። ቦርሳህ ውስጥ ራሱን ሞላ?»

«እሺ፣ እሺ።» ድምፁ ወረደ። «የዕረፍቱ የመጀመሪያ ቀን ሞላሁት። ከዛ ነፋስ ሆነ። ዛሬ ነገ ስል መስኮቱ ላይ ቆየ። ሙሉ ከሆነ ምን ይሆናል ብዬ ነው፤ ሙች፣ ለክፋት አይደለም። ዓርብ ሳወጣው ማበጡን አይቼ ደነገጥኩ።»

«ደነገጥክና በእኔ እጅ ጻፍክ።»

ጄቱ ሙሉ የሆነ ነገር ሁሉ ደግ ይመስለዋል፤ በዚህ ብቻውን አይደለም። ጎተራ ሲሞላ ማንም ይደሰታል። ባትሪ ግን ጎተራ አይደለም። ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ያውም ፀሐይ ላይ ከተተወ፣ ውስጡ ይታመምና ጋዝ ይቋጥራል። ያበጠ ባትሪ ሲጨነቅ ይነዳል። ዛሬ ደግሞ የሚነደው ሜዳው ላይ በሚኮለኮሉት የአንደኛ ክፍል ሕፃናት አናት ላይ ነው።

«አታካብጂ በናትሽ» አለ ጄቱ። «ሰባት ደቂቃ ናት። ካረፈ በኋላ እንጥለዋለን። ማንም አያውቅም።»

ይህን ሲል መምህሩ የበረራ መዝገቡን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ገቡ። ፊዚክስ ያስተምራሉ፤ ክበቡን የመሠረቱትም እሳቸው ናቸው። ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኗል።

«ዝግጁ ነን? ሚዛን፣ ፈርሚና ሜዳው ላይ አውጥተን እናሰናዳው።» በክበቡ ደንብ የኃይል ኃላፊዋ ሳትፈርም አውሮፕላን አይነሳም።

«አልፈርምም፣ ቲቸር። ባትሪው አብጧል።»

መምህሩ ባትሪውን አገላብጠው አዩ። ዓይናቸው ፕላስተሩ ላይ አረፈ። «ደህና ብለሽ ጽፈሽ የለም እንዴ?»

ሚዛን ጄቱን አየችው። ጄቱ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

«የተጻፈውን ይተዉት። ባትሪውን ይዩት።»

«ትንሽ እብጠት ናት» አሉ መምህሩ፤ ግን ሲያስቀምጡት ከሰውነታቸው አርቀው ነው። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ዛሬ ካልበረረ ይህ ክፍል አለቀለት። ዳይሬክተሯ ለተሰበሩት ወንበሮች መጋዘን ሊያደርጉት ነው፤ ደብዳቤው ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። አምስት ወር የለፋንበት ውኃ ሊበላው ነው።»

መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ዳይሬክተሯን ይፈራሉ። ዳይሬክተሯን የማይፈራ ደግሞ በግቢው አልተፈጠረም፤ የጥበቃው ውሻ እንኳ ሲያያቸው ጅራቱን ይሰበስባል። ስማቸው ሲነሳ የሰሙ ይመስል ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው የምትጎተቱት? ሰባት ደቂቃ ይበራል፣ በአየር ላይ ይገለበጣል ብዬ ለእንግዶቹ ተናግሬያለሁ።»

«ተማሪዋ ባትሪው ላይ ጥያቄ አላት» አሉ መምህሩ።

ዳይሬክተሯ ሚዛንን ከእግር እስከ ራሷ ለኩ። «አንቺ ነሽ የምትወስኚው?»

ሚዛን ዙሪያዋን ቃኘች። ክፍሉን ትወደዋለች። የሽቦ መበየጃውን ሽታ፣ ግድግዳው ላይ ተራ በተራ የተሰቀሉትን ፕሮፔለሮች፣ ከጄቱ ጋር የተጣሉበትንና የታረቁበትን ይህን ጠረጴዛ ትወዳለች። ስሟን መሞነጫጨር ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

«ስለዚህ ባትሪ፣ አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ከዚያ ማንም ሳይከለክላት ባትሪውን በሁለት እጇ ያዘችና ወጣች። ከኋላዋ «አንቺ ልጅ!» ሲሉ ሰማች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሄደች። ከግድግዳው ርቆ፣ ግቢው ጥግ፣ ለእሳት አደጋ የተቀመጠ የአሸዋ ባልዲ አለ። ፕላስተሩን ልጣ ኪሷ ከተተችና ባትሪውን አሸዋው ውስጥ ቀበረችው። አሁን ማንም ፈርሚ ሊላት አይችልም።

ስትመለስ ሁሉም እዚያው ቆመዋል።

«በአሮጊቷ ይበራል» አለች።

አሮጊቷ ክበቡ መጀመሪያ ከሠራት ትንሽ አውሮፕላን የተረፈች ባለ ሁለት ሴል ባትሪ ናት። ሦስት ዓመቷ ነው። ሚዛን ግን ሁልጊዜ በግማሽ ሙሌት፣ በቆርቆሮ ሣጥን፣ ጥላ ውስጥ ስለምታኖራት ሆዷ ዛሬም ጠፍጣፋ ነው።

«እሷ ይህን ታነሳለች?» አሉ መምህሩ።

«ሞተሩ በሁለት ሴል ዝግ ብሎ ስለሚዞር ሰፋ ያለ ፕሮፔለር መሸከም ይችላል። እሱን እንቀይራለን። ግን የሚበረው ሦስት ደቂቃ ነው። መገልበጥም የለም።»

ዳይሬክተሯ ሰዓታቸውን አዩ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የዘገየችስ ምን ይባላል?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

አሮጊቷ ቻርጀሩ ላይ ስትሞላ ጄቱ ባለ ዘጠኝ ኢንቹን ፕሮፔለር ፈታ። መምህሩ ከግድግዳው ትልቁን፣ ባለ አሥራ ሦስቱን አወረዱ። «ከተቀየረ አይቀር ይህ ይሁን። ብዙ አየር ይገፋል።»

ሚዛን አልተከራከረችም። የሞላችውን አሮጊቷን አገናኘችና የአጎቷን መለኪያ ሽቦው ላይ አስነከሰችው። አጎቷ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እየፈታ መልሶ ይጠመጥማል፤ ሱቁ ሁልጊዜ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። «ሞተር ሰው አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ ሲያሸክሙት ከመናገሩ በፊት ይሸታል» ይላታል። ሞተሩ ጮኸ፤ መለኪያው ሃያ አራት አምፔር አለ። ሞተሩ የሚችለው ሃያ ነው። መምህሩ ራሳቸው ነቀሉት። በባለ አሥራ አንዱ አሥራ ሰባት አለ።

«ይህ ነው» አለች ሚዛን።

አሮጊቷ ከበፊቱ ባትሪ ሰባ ግራም ትቀላለች፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ቀሎ በጅራቱ ከበደ። ባትሪዋን እስከ ጥግ ወደፊት ገፉ። ሚዛን ክንፎቹን ከሥር በሁለት ጣቶቿ ደግፋ ስታነሳው ጅራቱ አሁንም ወረደ። ከአጎቷ ሱቅ ያመጣችውን የመዳብ ሽቦ ሠላሳ ግራም መዝና አፍንጫው ውስጥ ለጠፈች። እንደገና አነሳችው። አፍንጫው ለሰላምታ ያህል ዝቅ አለ። መዝገቡን ሳበችና ፈረመች።

እንግዶቹ አምስት ነበሩ፤ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጄቱ ሪሞቱን ይዟል፤ ሚዛን ሰዓት ይዛ ከትከሻው አጠገብ ቆማለች። አውሮፕላኑ ሳሩን ጥቂት ተንገዳግዶበት ተነሳ። ሽቅብ አልተወነጨፈም፤ ቀስ ብሎ፣ ተረጋግቶ ወጣ። ሕፃናቱ አጨበጨቡ።

«ሙዷ አሪፍ ነው» አለ ጄቱ በሹክሹክታ። «አንዴ ብቻ ልገልብጣት?»

«አይሆንም።»

ሦስት ደቂቃ ሞላ። «አሳርፍ።»

«ገና ነው እኮ!» አሉ ዳይሬክተሯ ከወንበራቸው። ጄቱ ወደ ዳይሬክተሯ፣ ከዚያም ወደ ሚዛን ተመለከተ።

«አሳርፍ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር።

አሳረፈ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት፣ ተነስተው መጡ። «ሰባት ደቂቃ ነው የተባልነው። ለምን አጠረ?»

«ያለን ደህና ባትሪ የሚችለው ይህን ያህል ስለሆነ ነው» አለች ሚዛን። «ሌላው አብጦ አሸዋ ውስጥ ነው።»

ሴትዮዋም «ክፍሉን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከፕሮፔለር ፕሮፔለር እየሄዱ ሲጠይቁ ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱም «ለጊዜው የተሰበሩት ወንበሮች ኮሪደሩ ላይ ይቆዩ» ብቻ ብለው አለፉ።

መምህሩ የጉዳት መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ዕቃው፣ ቀኑ፣ ምክንያቱ። «እስከ ምሳ ተሞልቶ ይምጣልኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፕላስተሩ ላይ ያለችው መስመር ያንቺ ናት?»

«አይደለችም።»

«የማን ናት?»

«መዝገቡ ላይ ያገኙታል።»

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሚዛን ዕቃውንና ቀኑን ጽፋ ምክንያቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከኪሷ ፕላስተሩን አውጥታ ገጹ ላይ ለጠፈች። ከዚያ መዝገቡንም ብዕሩንም ወደ ጄቱ ገፋችው።

«ላሽ በይው በቃ» አለ ጄቱ። «አርጅቶ ነው ብለሽ ጻፊ።»

«ገና ስድስት ወሩ ነው።»

«ከክበቡ ያባርሩኛል።»

«ሊያባርሩህም ይችላሉ።»

«ጓደኛዬ አይደለሽም እንዴ?»

ይህ አመማት። ከጠዋቱ ሁሉ ይልቅ ይህ አመማት። «ነኝ» አለች። «ለዚህ ነው ብዕሩ አንተ ጋ ያለው።»

ጄቱ ብዕሩን በጣቱ አንከባለለ። «ካልጻፍኩስ?»

«እኔ እጽፈዋለሁ። በራሴ የእጅ ጽሑፍ።»

ጀርባዋን ሰጥታው አሮጊቷን ከአውሮፕላኑ አወጣች። በመዳፏ ዳሰሰቻት፤ ለብ ብላለች፣ ሆዷ ግን ጠፍጣፋ ነው። አዲስ ፕላስተር ቀደደችና መለኪያውን አስገባች። 3.74። 3.69። እኩል አልነበሩም። እንዳሉ ጻፈቻቸው።

ከኋላዋ ወንበር ሲንቋቋና ብዕሩ ከጠረጴዛው ሲነሳ ሰማች። ዞር ሳትል ፕላስተሩን አሮጊቷ ጎን ላይ ለጠፈችና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው።