ማንም ያልሰማው ባንድ

ሞጣ ውስጥ ኡኡታ የሰማ ወንድ ቤቱ አይቀመጥም። ቤት ይቃጠል፣ ሌባ ይግባ፣ ሰው በሰው ላይ ይነሳ፣ አይጠይቅም፤ ዱላውን አንስቶ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። ዛሬ ከቀረ ነገ የእሱ ቤት ሲቃጠል ማን ይመጣለታል? በ1980 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ከቀበሌው ጣሪያ ያ ድምፅ ሲለቀቅ አገሩ ግልብጥ ብሎ የወጣው ስለዚህ ነው።

ድምፁን የለቀቀው የወፍጮ ቤቱ መካኒክ ፋንታ ፈረደ ነበር። የተበላሸውን የቀበሌ ድምፅ ማጉያ እንዲጠግን ተጠርቶ ነው የመጣው። ሽቦውን ቀጥሎ ከመኪና ባትሪ ጋር ካያያዘው በኋላ፣ ለመሞከሪያ ከኪሱ አንድ ካሴት አውጥቶ ከተተ። መጀመሪያ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ሞተር አጓራ። ከበሮው ተከተለ። ከዚያ አንድ ሰው፣ የሚያርዱት ይመስል፣ ጮኸ።

ክፍሉ ውስጥ ባንቺዓለም ሣህለ ማርያም ነበረች። የቢቸና ልጅ ናት፤ የቀበሌው ጸሐፊ ሆና ማስታወቂያ የምትናገረውም እሷ ነበረች። በመስኮት ስታይ ገበያተኛው ዱላና መጥረቢያ ይዞ ወደ ቀበሌው ይጎርፋል፤ አንዱማ ሊሸጠው ያመጣውን ሞፈር ተሸክሞ ነው የሚሮጠው።

«አጥፋው! አጥፋው አንተ ሰው፣ አገር ፈጀህ እኮ!»

ፋንታ አጠፋው። ደጅ ላይ የተሰበሰበው ሰው «ማን ሞተ? ገዳዩ የት አለ?» ይላል። ባንቺዓለም ማይክሮፎኑን አንስታ «ማንም አልሞተም፣ ሙከራ ነው» ልትል ስትጀምር ሳቋ ቀደማት፤ ሳቁም በድምፅ ማጉያው ወጣ። ሞጣ ያንን ሳቅ ብዙ ጊዜ አወራው።

ሊቀ መንበሩ ጓድ አካለ ወልድ ግን አልሳቀም። «ይህ የኢምፔሪያሊስት ጫጫታ ሁለተኛ ከዚህ ጣሪያ ቢሰማ፣ የከፈተው ሰው እስር ቤት ነው የሚገባው» አለ። ካሴቱ የተቀዳው በወዳጅ ሶሻሊስት አገር መሆኑን ደፍሮ የነገረው የለም።

ሰዉ ሲበተን ባንቺዓለም ወደ ፋንታ ዞረች።

«ለመሆኑ ምንድን ነው ይሄ ነገር?»

«ሄቪ ሜታል ይሉታል። ከባድ ብረት ማለት ነው።»

«ቀጥቃጮች ናቸው እንዴ?»

ፋንታ የያዘውን መፍቻ ሲያገላብጥ ቆየ።

«ቀጥቃጭስ እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የፈረደ ልጅ ነኝ። ከጋራው ላይ ያለው።»

ባንቺዓለም ፊቷ ጋለ። ልትሰድበው ብላ አልነበረም። አያ ፈረደን የማያውቅ የለም፤ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የሚያርሰው እሱ በቀጠቀጠው ማረሻ ነው። ከእሱ ጋር ከአንድ መሶብ የሚበላ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ይሉታል። ሰው በማረሻው እየበላ ማረሻ ሠሪውን በላኝ ይላል፤ ይህን ነገር ቁጭ ብሎ ያሰበበት ያለ አይመስለኝም።

«እስቲ ቀስ አድርገህ አሰማኝ» አለችው።

ቀስ አድርጎ አሰማት። ዘፈኑን አልወደደችውም። ሲያዳምጥ ያየችውን ፊቱን ግን ወደደችው፤ ወዲያውም ታወቃት።

ከዚያ በኋላ ድምፅ ማጉያው ቶሎ ቶሎ መበላሸት ጀመረ። ፋንታ ሊጠግን ይመጣል፣ እሷ ወንበር ትስብለታለች፣ የሚጠገነው ነገር ሳይነካ ይመሻል።

ፋንታ ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ በመኪና ፋብሪካ ሠርቶ ነበር። ካሴቱ ላይ ያለው ባንድም የዚያው ፋብሪካ አራት ሠራተኞች ናቸው፤ ስማቸው ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሦስተኛው ፈረቃ» ነው። ሥራ ሲለቁ በሠራተኛው ማደሪያ ምድር ቤት ይጫወታሉ። ሬዲዮ አላጫወታቸውም፤ ሸክላ የሚያትምላቸውም አላገኙም።

«ትልልቆቹ ስታዲየም ይሞላሉ፤ ዓለም ያውቃቸዋል» ይላታል። «እነዚህ ከማን ያንሳሉ? ከበሮ መቺውን ስሚው፤ አባቴ መዶሻ ሲያነሳ ልክ እንደዚህ ነው። የጎደላቸው የሚሰማቸው ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ሲጫወቱ ምድር ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ ነን። እሷም ወንበር ልትሰበስብ ነው የመጣችው።»

«ታዲያ አቋረጡት?»

«ኧረ! ቤቱ ጢም ብሎ እንደሞላ ቆጥረው እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ላብ በላብ ሆነው። ሲጨርሱ ካሴቱን ሰጡኝና አገርህ አሰማልን አሉኝ።»

«አሰማህላቸው እኮ! አገር በዱላ ወጣላቸው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይናቸው ተገናኘና ቀረ።

«ሁለተኛ ቢከፈት ግን ማንም አይወጣም» አለች፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ። «አንዴ ተታሏላ።»

«እኔ እወጣለሁ። አንቺ ከከፈትሽው የትም ብሆን እመጣለሁ።»

እጁን ያዘችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ፍንጣሪ የጠባሰው እጅ ነበር። ሞጣ ውስጥ ያን እጅ ፈልጎ የያዘው ሰው ስለሌለ ፋንታ ምን እንደሚያደርገው ጠፋበት።

ለገና ሰሞን ሽማግሌ ቢቸና ላከ። የባንቺዓለም አባት መሪጌታ ሣህለ ማርያም ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግደው፣ በክብር እምቢ አሉ። እሷም ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አባባ፣ ልጁ ምን አጠፋ?»

«አላጠፋም። ጨዋ ነው አሉ፤ አባቱም ጨዋ ነው አሉ። ማረሻ ሲሰበርብኝ ወደ ቀጥቃጭ ቤት እልካለሁ። ልጅ ግን አልልክም።»

«እኮ ለምን?»

«ስሞት የሚቀብረኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ልጄ። ይህን ካደረግሽ ማን ለቅሶዬ ላይ ይቀመጣል?»

«እኔ እቀመጣለሁ።»

መሪጌታ ዳዊታቸውን ገለጡ። የሚያነቡ ግን አይመስሉም ነበር።

ባንቺዓለም ሞጣ ተመልሳ «እንሂድ» አለችው። በቢቸና በኩል ደጀን፣ ከደጀን አዲስ አበባ፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ ወደሌለበት። ለመንገዱ ሲዘጋጁ ግን የሰሜኑ ጦርነት ከፋና አፈሳ መጣ። ወጣት የተባለ ሁሉ ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከመኝታው እየተለቀመ ወደ ግንባር ይጫናል። ፋንታ ወፍጮ ቤቱን ትቶ ጋራው ላይ ከአባቱ ዘንድ ተደበቀ። ግንቦት ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወርዶ፣ ከቀበሌው ፊት ለፊት ከሚቆመው አውቶቡስ ላይ ሊገናኙ ተቃጠሩ።

በዚያ ቅዳሜ ባንቺዓለም ጓዟን በዘንቢል ይዛ ለመጨረሻ ጊዜ ቢሮ ገባች። ግቢው በወታደር ተሞልቷል። ከጀርባ ሁለት ኦራል መኪና ቆሟል።

«ስኳር መጥቷልና ጭነት የሚያወርድ ወጣት ሁሉ ይምጣ ብለሽ ተናገሪ» አላት ጓድ አካለ ወልድ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው አቆመ።

ስኳር እንደሌለ ገባት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ፋንታ በዚህ ደጅ ያልፋል። መውጣት አትችልም፤ የምትልከው ሰው የለም። ዘንቢሏ ውስጥ ግን ፋንታ ሊደበቅ ሲሄድ ያስቀመጠባት ካሴት ነበር። የተከለከለውን ነገር ከሰማ አደጋ መኖሩን ያውቃል፣ ወደ ጋራው ይመለሳል፤ እንደዚህ ነው ያሰበችው።

«ድምፁ ሰሞኑን ይቆራረጣል፤ መጀመሪያ ልሞክረው» አለችና ማይክሮፎኑን አብርታ፣ ካሴቱን ከትታ እስከ ጥግ ከፈተችው።

ሦስተኛው ፈረቃ በሞጣ ላይ አጓራ።

ማንም አልወጣም። «ያቺ ሳቂታ ናት፤ ዛሬም ሙከራ ነው» አለ ገበያተኛው። ወዲያው ሊቀ መንበሩ «አፈሳውን አስነቃሽብኝ!» እያለ ሲሳደብና ሲማታ፣ ጥፊውም ሳይቀር፣ በተከፈተው ማይክሮፎን አገር ሰማው። ይሄኔ እናቶች ነቁ። ልጆቻቸውን በጓሮ እየገፉ ወደ ወንዙ አወረዷቸው። ወታደሮቹ ከግቢው ሲወጡ የከተማው ወጣት አብዛኛው አልነበረም።

አንድ ሰው ብቻ ከጋራው እየሮጠ ወረደ። ሻንጣ አልያዘም። በእጁ ዱላ ነበር።

ባንቺዓለም በመስኮት አይታ «ተመለስ!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷን ሲሰማ ይበልጥ ፈጠነ። ኡኡታ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት፤ የሞጣ ልጅ ከኡኡታ አይሸሽም። እመጣለሁ ያላትም ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት።

ወታደሮቹ ሊይዙት ሲወጡ ሊቀ መንበሩም የበሩ ጠባቂም አብረዋቸው ወጡ፤ እሷም ካሴቱን አውጥታ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ተከትላ ሮጠች። ፋንታን ኦራሉ ላይ ሲጭኑት ደረሰች።

«ማን ነካሽ?» አላት፣ አሁንም ዱላውን እየፈለገ።

«እንድትሸሽ እኮ ነው የከፈትኩት! ለምን መጣህ?»

ገባው። ከንፈሯ ላይ ያለውን ደም አየ።

«ጠራሽኝ ብዬ ነዋ» አለ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ።

እሷን አሰሯት። አባቷ ከቢቸና እየተመላለሱ ስንቅ አቀበሏት። ስትፈታ ሞጣ ቀረች፤ በሰው ቤት ጥጥ እየፈተለች ኖረች። አያ ፈረደ በገበያ መንገድ ሲመጣ ካየች ተሻግራ ትሄዳለች። የልጁን ስም በፊቱ የምትጠራበት አፍ አልነበራትም።

በ1983 ክረምት ሲገባ ደርግ ወደቀ። የተበተነው ወታደር በባዶ እግሩ ወደ አገሩ ይጎርፍ ጀመር። ባንቺዓለም መንገድ ዳር ቆማ «ፋንታ ፈረደ የሚባል መካኒክ» እያለች ጠየቀች። አንዱ ከረን አይቼዋለሁ አላት። ሌላው ከረን የነበረ ሰው አልተረፈም አላት። የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍት ወደቀረው ቀበሌ ገባች። ድምፅ ማጉያው ጣሪያው ላይ ነበር። ከወፍጮ ቤት የለመነችውን ባትሪ አያያዘችና እስር ቤት ሳይቀር ደብቃ ያቆየችውን ካሴት ከፈተች። የትም ብሆን እመጣለሁ ብሏት የለ? መስኮቱ ላይ ቆማ ጋራውን አየች።

ከተማው በሩን እንደዘጋ ቀረ። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል ከጋራው አንድ ሰው ብቅ አለ። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ጉልበቱን ይዞ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይሮጣል። ፋንታ መሰላት።

ሲቀርብ ሽማግሌ ሆነ። አያ ፈረደ መዶሻውን እንደያዘ በሩ ላይ ደረሰና ግድግዳውን ተደገፈ።

«ማን ነካሽ፣ ልጄ?»

«ማንም አልነካኝም፣ አያ ፈረደ።»

«ያን ለት ይሄው ሲጮህ፣ ባንቺዓለም ናት ብሎ ከወናፉ ላይ ተነስቶ ወጣ። ልከተለው ብል እግሬ እምቢ አለኝ። ሳልደርስለት ቀረሁ።» ትንፋሹ አልመለስ ብሎት ቆየ። «ዛሬ እንኳ ልድረስ ብዬ ነው።»

ባንቺዓለም እግሩ ላይ ወደቀች። ሦስት ዓመት ሙሉ የፈራችው ስድብ ግን አልመጣም። አንስቶ አስቀመጣት፤ አጠገቧም ተቀመጠ። ካሴቱ ይጮሃል።

«ይሄን የሚመታው ማነው?» አለ። «እጁ መዶሻ ያውቃል።»

«ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ አባባ።»

«እስቲ እንደገና አሰሚኝ።»

እስከ መጨረሻው አብረው ሰሙት። ከዚያ ካሴቱን በመቀነቷ ቋጥራ፣ የአያ ፈረደን እጅ ይዛ፣ ሰው እያያት በገበያው መሃል አልፋ ወደ ጋራው ወጣች። ያን ቀን ራታቸውን ከአንድ መሶብ በሉ።