የእኅትና የወንድም ቁራኛ

ትርሲት ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ እንደ ወትሮዋ በመጀመሪያ ከታማሚው ወንድሟ ወደ እርሷ የሚፈሰውን ኀዘን በደረቷ ውስጥ ፈለገች፤ አላገኘችውም። ይህም አላስደነቃትም። ኀዘኑ ከማይሰማት ዓመታት አልፈዋል፤ ነገሩንም የጽናቷ ፍሬ አድርጋ ትቆጥረው ነበርና «ለምጄዋለሁ» ብላ ተነሣች።

በአባያ ሐይቅ ዳር በተሠራችው በአዲሲቱ አርባ ምንጭ፣ ቁራኛ መሆን እንደ ክርስትና አባትነት የተለመደ ነገር ነበር። በጥንቱ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር ይባላል፤ ከሩቅ ለሚያያቸውም የትኛው ከሳሽ፣ የትኛው ተከሳሽ እንደ ሆነ አይለይም ነበር። በዚህ ዘመን ግን ሕመምተኛና ጤነኛ የሚቆራኙት የስንዴ ቅንጣት በምታህል፣ ከእጅ አንጓ ሥር በምትቀበር መሣሪያ ነው። የሕመምተኛው ስሜት ከልክ ሲያልፍ ትርፉ ወደ ጤነኛው ይፈሳል፤ ለሁለት የተከፈለ ጎርፍም ሰው አይወስድም።

ታናሽ ወንድሟ ልዑልሰገድ በጉብዝናው ወራት ባይፖላር በሚሉት፣ ሰውን አንድ ጊዜ ያለ እንቅልፍ ሰማይ አውጥቶ ሌላ ጊዜ ከምድር በታች በሚጥለው ሕመም ተያዘ። ያን ጊዜ ራሷ የአእምሮ ሐኪም የሆነችው ትርሲት እጇን ዘርግታ ቁራኛው ሆነች። ሀገር አመሰገናት። እርሷም ለተማሪዎቿ «ሕመምን ከመጽሐፍ ያወቀና ተሸክሞ ያወቀ እኩል አይደሉም» ትላቸው ነበር።

ዛሬ ግን ሸክሙን ልታወርድ ነው። ልዑልሰገድ ከአልጋ መውረድ ካቆመ ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቷል። የጀልባ መሥሪያው ተዘግቷል፤ እጮኛውም ጠብቃ ጠብቃ ሄዳለች። ትርሲት ሊቲየም የተባለውን የጨው መድኃኒት ደጋግማ ከፍ አደረገችለት፤ ኩላሊቱ ደከመ እንጂ ኀዘኑ አልቀለለም። እርሷም ለአዲሱ ሆስፒታል አለቅነት ታጭታለች፤ ሹመቱ ግን ቁራኛ ላለው ሰው አይሰጥም። ሁለታችንም ከምንሰጥም አንዳችን እንትረፍ ብላ ቈርጣለች።

«መፍታቱ ቀላል ነው» አሉ አዛውንቱ መምህሯ ዶክተር ወልደየስ፣ በልዑልሰገድ የሆስፒታል አልጋ አጠገብ የመፍቻውን ዕቃ እያሰናዱ። «የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፣ ልጄ። በግማሹ ኀዘን እንዲህ የተዘረረ ሰው ሙሉው ሲጫንበት በሕይወት ይተርፋል ትያለሽ?»

«መምህር፣ እኔም ሰው ነኝ።»

«አይፍቱን» አለ ልዑልሰገድ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ። «እታለም፣ ሹመቱ ይቅርብሽ። የምለው ለራሴ ብዬ አይደለም።»

ብቻውን መቅረትን ፈርቶ ነው አለች በልቧ፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች። ሕጉ ከሁለቱ አንዱ ከጠየቀ ይፈቱ ዘንድ ያዛል። ዶክተር ወልደየስ በረጅሙ ተነፈሱና ፈቷቸው።

ከዚያም ዐይናቸውን በልዑልሰገድ ላይ ተከሉ። እርሱም ዐይኖቹን ገለጠ፤ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ፤ ዙሪያውንም እንደ እንግዳ ቃኘ።

«ራበኝ» አለ። «በዚህ ቤት ዓሣ ይገኛል?»

ሽማግሌው ሣቁ። ዓሣው እንዲመጣ አዘዙና እንኳን ደስ አለሽ ሊሏት ዘወር ቢሉ፣ ትርሲት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታለች፤ ዕንባ የለም። የያዛትን ነገር ስሙን ታውቀዋለች፤ ምልክቶቹን በገዛ መጽሐፏ ጽፋቸዋለች። ማወቋ ግን አንዲት ጣቷን እንኳ ከወለሉ አላነሣላትም።

ዶክተር ወልደየስ የቁራኛውን የዘመናት ፍሰት መዝገብ በግድግዳው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ድምፃቸው ተለወጠ።

«የልዑልሰገድ ሕመም በመድኃኒቱ ከተገራ ዓመታት አልፈዋል። ያው የቤተሰባችሁ ሕመም ዘር ግን በአንቺ ዘግይቶ በቀለ፤ መሣሪያው ደግሞ የማንንም ትርፍ ወደ ሌላው ያሳልፋል። የደስታን ትርፍ የሚያሳልፈው በሩ ተበላሽቶ ተዘግቷል፤ ከፍታሽ ሁሉ ለአንቺ ቀርቶ ኀዘንሽ ብቻ ወደ እርሱ ሲፈስ ኖሯል። ያን ትልቅ መጽሐፍ ሳትተኚ የጻፍሽ ጊዜ እኛ ትጋት ብለን ሸለምንሽ። መሣሪያውንም በየዓመቱ መርምረናል፤ ነገር ግን የፍሰቱን መጠን እንጂ አቅጣጫውን ያየ የለም። ሕመምተኛው ማን እንደ ሆነ እናውቅ ነበራ!»

ትርሲት ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። «ታውቅ ነበር?»

«የራሴን ኀዘን አውቀዋለሁ፣ እታለም። የእኔ ይጮኻል። ይህኛው ዝም ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ ልክ እንደ አንቺ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰዎች እኔን እብድ ማለት ለምደዋል» አለ፣ በከንፈሩ ጫፍ ፈገግ ብሎ። «አዲስ እብድ ምን ያደርግላቸዋል?»

እርሷ ግን ፈገግ አላለችም፤ መልካም አደረግህም አላለችውም። የእርሷ ሕመም ቀድሞ ቢታወቅ መድኃኒት ነበረው። እርሱ ስለ ፍቅር ዝም አለ፤ እርሷ በትዕቢት አላየችም፤ በሁለቱ መካከል አንድ ወጣትነት አለቀ። ፍቅርም ቢሆን ከእውነት ከተለየ ሕመምን ይሸሽጋል እንጂ አያድንም።

ልዑልሰገድ የእጁን አንጓ ለሽማግሌው ዘረጋ። «መልሰው ያቆራኙን።»

«አይሆንም» አለች ትርሲት፤ ቃሉን ለማውጣት ጕልበቷን ሁሉ አሟጠጠች። «መምህር፣ ጨዉን ለእኔ ስጡኝ። ወንድሜ፣ የእኔ ሕመም በአንተ ኩላሊት ሲታከም ኖረ፤ ይበቃል።»

መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ ሳምንታት እንደሚፈጅ ሦስቱም ያውቃሉ። ልዑልሰገድ ከአልጋው ወረደና ከጎኗ ተቀመጠ። የጋቢውን ጫፍ ስቦ ከነጭ ጋዎኗ መቀነት ጋር ቋጠረው። ቋጠሮው ምንም ነገር አያስተላልፍም፤ ጨርቅ ነው።

ዓሣውን ይዛ የገባችው ነርስ አንዱን አየች፤ ሌላይቱን አየች።

«ሕመምተኛው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች።

ልዑልሰገድ ሳሕኑን ተቀበለ፤ እሾኹን በጥንቃቄ ለቅሞ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኅቱ ዘረጋላት። አፏን ከፈተች። ጣዕም አልነበረውም፤ ቢሆንም ዋጠችው።